ወደ ጎን የምትሄድ ምድር፦ የ1961 ዓ.ም. የሰርዶ ርዕደ መሬትና ለድሬዳዋ ያለው ትርጉም



ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ አንሥቶ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት በቀጠለበት ጊዜ፣ የጂኦሎጂ መምህር የሆነ ሰው ሁሉ በታክሲም በለቅሶ ቤትም አንድ ጥያቄ ይቀርብለት ነበር፤ «ምድሪቱ ለሁለት እየተከፈለች ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ?» የሚል። መልሱ አዎን ነው። የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች አፋር ላይ ተገናኝተው እርስ በርስ እየተራራቁ ነው፤ ዓረቢያ በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትሸሻለች፤ ሶማሊያ ከኑቢያ የምትርቀው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ግማሽ መልስ ነው። አድማጩ ጨርቅ ከሁለት ወገን ተይዞ ሲቀደድ በዓይነ ኅሊናው ያያል፤ ምድርም እንዲሁ በአንድ መስመር የምትተረተር ይመስለዋል። የምትከፈት ምድር ግን ወደ ጎንም ትሄዳለች። ለዚህ በሀገራችን ያለን ግልጽ ምስክር ሰርዶ ስለሆነች የዛሬው ገለጻዬ በእርሷ ዙሪያ ያጠነጥናል፤ ወደ ድሬዳዋም የምመለሰው በእርሷ በኩል ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃል አጠቃቀም አንድ ነገር ላንሣ። በአማርኛ «የመሬት መንሸራተት» ስንል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ወገኖቻችንን እንደ ቀጠፈው ያለ፣ በዝናብ የራሰ አፈር ከተዳፋት ላይ ሲናድ ማለታችን ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ አይደለም። የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ ሁለቱ ወገኖች የሚንቀሳቀሱበትን ገጽ «ስብራት» እለዋለሁ፤ ፎልት የሚለውን ቃል የለመዳችሁ እንደዚያው ያዙት። አንዱ ወገን ወደ ታች ከወረደ ወራጅ ስብራት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሳይወጡና ሳይወርዱ ጎን ለጎን ከተላለፉ ጎንዮሽ ስብራት ነው። ለድሬዳዋ ሰው ምሳሌው ከሐዲድ አይርቅም። ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ሐዲድ አንድ ስብራት አቋርጦ ያልፋል እንበል። ወራጅ ስብራት ሲንቀሳቀስ የሐዲዱ አንዱ ክፍል ደረጃ ሠርቶ ይወርዳል፤ ጎንዮሹ ሲንቀሳቀስ ግን ሐዲዱ ከፍታው ሳይለወጥ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከስብራቱ ወዲህ ቆመን ስናይ ማዶው ወደ ግራ ሄዶ ከተገኘ ግራ ሄድ፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ቀኝ ሄድ እንለዋለን። ወደ ማዶ ተሻግረን ብናይም መልሱ አይለወጥም፤ የሚጠራጠር ተማሪ ሁለት ደብተሮች አጋጥሞ ይሞክረው።

ሰርዶ ወደ አሰብ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከዛሬዋ ሰመራ በስተሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ትንሽ መንደር ናት። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት መንደሪቱን አፈረሳት። ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። በሳምንቱ፣ መጋቢት 27 ቀን፣ ከመጀመሪያው ብዙ የማያንስ ሌላ ርዕደት ያንኑ አካባቢ መታው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከትልቅ ርዕደት በኋላ «አልፏል» ብሎ ወደ ተሰነጠቀ ቤት መመለስ በየትም ሀገር ሰው የሚያልቅበት ምክንያት ነው። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ በመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ማያያዣውን ያጣል፤ በሁለተኛው ይወድቃል። ከእንጨት ዘንግና ከሰሌን የሚሠራው የአርብቶ አደሩ ጎጆ ግን ቀላልና ተለጣጭ ስለሆነ ቢወድቅም ነዋሪውን አይገድልም።

የሰርዶ ርዕደት ሳይመዘገብ አላለፈም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ሥራ ላይ ነበር፤ መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን የእነዚህንና የቀደሙትን ርዕደቶች ታሪክ ከመሣሪያ ንባብ፣ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አውጥተዋል። በአፍሪካ ቀንድ ርዕደ መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ዛሬም የሚጀምረው ከዚያ መጽሐፍ ነው። በነገራችን ላይ፣ በዜና ማሰራጫዎቻችን «በሬክተር ስኬል» እየተባለ የሚነገረው መለኪያ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ሪክተር ሲሆን፣ ዛሬ ለትልልቅ ርዕደቶች የሚሰጠው ቁጥር የሚሰላው በእርሱ ዘዴ አይደለም፤ ከተንቀሳቀሰው ስብራት ስፋትና ከተንሸራተተው ርቀት ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ያስፈልገናል።

ወደ ሰርዶ እንመለስ። እንቅስቃሴው ወደ ጎን እንደ ነበር በምን ታወቀ? የርዕደ መሬት የመጀመሪያው ሞገድ ወደ አንዳንዱ ጣቢያ ሲደርስ መሬቱን ይገፋል፤ ወደ ሌላው ሲደርስ ይስባል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ጣቢያዎች የመዘገቡት መግፋትና መሳብ በአንድ ሥዕል ላይ ሲሰፍር፣ በመነሻው ዙሪያ ያለው ክበብ እንደ ብርቱካን በአራት ይከፈላል፤ ሁለት ተቃራኒ ሩቦች የመግፋት፣ ሁለቱ የመሳብ ይሆናሉ። ሩቦቹን የሚለዩት ደግሞ እርስ በርስ በቀጥተኛ ማዕዘን የሚቋረጡ ሁለት ገጾች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ እውነተኛው ስብራት ነው፤ ሌላኛው የሒሳቡ ጥላ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ሥዕሉ ብቻውን አይናገርም። የሰርዶ ሥዕል የሚያሳየው በዋናነት ጎንዮሽ እንቅስቃሴ ነው፤ አንደኛው ገጽ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ ግራ ሄድ፣ ሁለተኛው ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋ ቀኝ ሄድ ስብራት ይሆናል።

ምርጫው የቃላት ክርክር አይደለም። ዘመኑ የፕሌት ቴክቶኒክስ ንድፈ ሐሳብ ገና የተወለደበት ነው። የካናዳው ጂኦፊዚሲስት ቱዞ ዊልሰን የውቅያኖስ ውስጥ ተራሮችን ቁርጥራጮች የሚያገናኙ ጎንዮሽ ስብራቶች መኖራቸውን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ሁለተኛውን ገጽ የመረጠ ተመራማሪ አፋርን አቋርጦ የሚያልፍ እንዲህ ያለ አገናኝ ስብራት አለ ማለቱ ነው። ችግሩ መሬቱ ይህን አለመመስከሩ ነው። በሰርዶ ዙሪያ ያለውን ሜዳ ከአውሮፕላንም ሆነ ከሳተላይት ብታዩት፣ ጥቁሩ ባዛልት ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚሮጡ ስብራቶች እንደ እርሻ ትልም ተተልሟል፤ በሌላው አቅጣጫ ይህን የሚስተካከል መስመር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ የተሻለ ነው። ነገር ግን ሌላ እንቆቅልሽ ይተካል፤ ለመከፈት የተፈጠሩ፣ ትከሻቸው ቆሞ ወለላቸው የወረደ ስብራቶች ለምን ወደ ጎን ተንቀሳቀሱ?

እስካሁን ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ የሚያረካኝ ፈረንሳዊው ፖል ታፖኒዬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ነው። በአፋር ውስጥ ምድር የምትከፈተው በአንድ መስመር አይደለም። ከቀይ ባሕር ወገን የሚመጣው መከፈት በማንዳ ሐራሮ በኩል ይወርዳል፤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወገን የሚመጣው በጅቡቲው አሳል በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ስምጦች ጫፍ ለጫፍ አይገጥሙም፤ ጎን ለጎን ተላልፈው ይደራረባሉ። በመካከላቸው የተያዘው ምድር አንዱ ጫፉ በአንደኛው፣ ሌላው ጫፉ በሁለተኛው ስምጥ ስለሚሳብ መዞር ግድ ይሆንበታል። ይህ ምድር ደግሞ አንድ ወጥ ሰሌዳ አይደለም፤ በእነዚያ ትልሞች የተቆራረጠ ነው። በመደርደሪያ ላይ በተርታ የቆሙ መጻሕፍትን አስቡ። የላይኛውን ጫፋቸውን ወደ ቀኝ ብትገፉ ሁሉም በአንድነት ወደ ቀኝ ያጋድላሉ፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ በጎረቤቱ ገጽ ላይ ይንሸራተታል። መደርደሪያውን ካርታ አድርጋችሁ ብታነቡት ቁርጥራጮቹ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንሸራተት ግራ ሄድ ይሆናል። ሰርዶ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ በሌላው ላይ ተንሸራተተ።

ውብ ምሳሌ ስለሆነ ብቻ የተቀበልነው አይደለም። ባዛልት ከቅልጥነት ወደ ድንጋይነት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉ የብረት ማዕድናት በጊዜው የነበረውን የመግነጢስ ሰሜን ይዘው ይቀራሉ፤ ድንጋዩ በኋላ ቢዞር የያዘው ሰሜንም አብሮ ይዞራል። የማዕከላዊ አፋር ባዛልት ተለክቶ ባለፉት 2 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ዞሮ ተገኝቷል። ተማሪዎች እርሳስ ያንሡና ቀጣዩን አብረን እናስላ። የአንዱ ቁራጭ ስፋት 10 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ 10 ዲግሪ መዞር በሁለት አጎራባች ቁርጥራጮች መካከል 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል መንሸራተትን ይጠይቃል። ይህ ለ2 ሚሊዮን ዓመት ሲካፈል በዓመት ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያንሳል። አንድ ርዕደ መሬት ግማሽ ሜትር ቢያንሸራትት፣ ያው ስብራት ያንኑ ያህል ኃይል ለማከማቸት ወደ 600 ዓመት ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ግምቱ ሻካራ ነው፤ ግን የሚያስተምረው ነገር አለ። አንድ ስብራት በአያት በቅድመ አያት ትዝታ ውስጥ ዝም ማለቱ ስለ ነገ ምንም አይነግረንም። በሌላ በኩል፣ ስብራቶቹ አንድ ሁለት አይደሉም፤ በተርታ ብዙ ናቸውና አካባቢው በአጠቃላይ ከዚያ በቀረበ ጊዜ ይናወጣል።

ጎንዮሽ ስብራት ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ሰርዶን ሳይሆን ቱርክን እንደሆነ አውቃለሁ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በምሥራቅ አናቶሊያ ስብራት ላይ የደረሰው መጠኑ 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት፣ በዚያው ዕለት በ7.5 መጠን ከተከተለው ሁለተኛ ርዕደት ጋር፣ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሕይወት አጥፍቷል። መንገዶችና ሐዲዶች ያለ ምንም ደረጃ ወደ ጎን ተቆርጠውና ተጣመው ታይተዋል። ይህ አደጋ ከእኛ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። አናቶሊያን ወደ ምዕራብ የምትገፋው ከአፋር የምትሸሸው ያችው የዓረቢያ ፕሌት ናት። ከእኛ ዘንድ ስትለይ ምድር ትከፈታለች፤ በሰሜን ጫፏ ስትጋጭ ምድር ወደ ጎን ታመልጣለች። የአንድ ፕሌት ሁለት ጫፎች ነን።

ታዲያ አፋር ላይ 7.8 ይደርሳል ወይ? ቅድም ያስያዝኋችሁ ነጥብ እዚህ ይጠቅማል። የርዕደ መሬት መጠን የሚወሰነው ስብራቱ በምን ያህል ርዝመትና ጥልቀት እንደ ተንቀሳቀሰ ነው። በቱርክ የተንቀሳቀሰው ስብራት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። በአፋር ወለል ያሉት ስብራቶች አጫጭር ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ምድርም ቅልጥ አለት የቀረበው ትኩስ ምድር ስለሆነ ተሰባሪው ክፍል ስስ ነው። ትኩስ ድንጋይ ኃይል አያከማችም፤ እንደ ሊጥ ይሳባል። 6.3 እና 7.8 በቁጥር ቢቀራረቡም በሚለቁት ኃይል መካከል ወደ 180 እጥፍ ልዩነት አለ። ስለዚህ በአፋር ወለል የቱርክን ዓይነት ርዕደት መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ይህን ስናገር የሚደሰት ሰው ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ድሬዳዋ ያለችው በአፋር ወለል ላይ ሳይሆን በዳርቻው ላይ ነው።

በዳርቻው ያለው ቅርፊት ከወለሉ ይልቅ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው። የምዕራቡ ዳርቻ ምን ማድረግ እንደሚችል በ1953 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ግንቦት 24 ቀን መጠኑ 6.5 ገደማ የሆነ ርዕደ መሬት ማጀቴን አፈረሰ፤ በካራ ቆሬ ቤቶችን ጣለ፤ ወደ አሥመራ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ለብዙ ኪሎ ሜትር ሰነጣጠቀና በናዳ ዘጋ። ወደ ጎን ስለሚሄድ አሮጌና ቀዝቃዛ ምድር ደግሞ የምናነሣው ጎረቤት አለን፤ ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን በጁባ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት በዋናነት ጎንዮሽ ሲሆን መጠኑ 7ን አልፏል። ያ ስፍራ ከስምጥ ሸለቆው ዋና መስመር ውጭ ነበር።

አሁን የራሳችንን ዳርቻ እንይ። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የወጣ ተማሪ ሁሉ ከተማው ሥር የሚያገኘውን የኖራ ድንጋይ ከተራራው ላይ እንደገና ያገኘዋል። አንድ ባሕር ያነጠፈው አንድ ንጣፍ ነው፤ በምሥራቅ ምዕራብ አቅጣጫ በተዘረጉ ደረጃ ሠሪ ስብራቶች ተቆርጦ ሰሜናዊው ክፍል ወረደ። ይህ ወራጅ ስብራት ነው፤ ጥርጥር የለበትም። ነገር ግን ዓረቢያ ከሶማሊያ የምትሸሸው በትክክል ወደ ሰሜን አይደለም፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ምሥራቅ ምዕራብ የተዘረጋ ስብራት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከተሳበ ከመክፈቱ ጋር የጎንዮሽ ድርሻ ይደርሰዋል። መስክ ስትወጡ ልሙጥ የስብራት ገጽ ካገኛችሁ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ድንጋዩ ሲተሻሽ የቀረጸው ጭረት አለ። ጭረቱ ቁልቁል ከሆነ መውረድን፣ አግድም ከሆነ ጎንዮሽን፣ ሁለቱ ተደራርበው ከሆነ ደግሞ ታሪክን ይነግራችኋል። ዛሬ አብዛኛው የፕሌቶቹ እንቅስቃሴ የሚከናወነው በአፋር ወለል ውስጥ ስለሆነ ለዳርቻው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ጥቂት ድርሻ ማለት ግን ረጅም ጊዜ መጠበቅ ማለት ነው እንጂ ነጻ መሆን ማለት አይደለም።

ከዚህ ሌላ ከስብራቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነገር ከተማችን የተቀመጠችበት አፈር ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ነዋሪዎችን በአንድ ሌሊት ወሰደብን። ያንን የመሰለ ጎርፍ ባለፉት ሺህ ዓመታት ደጋግሞ ወርዷል፤ በወረደ ቁጥር አሸዋና ጠጠር ትቷል፤ ከተማውም የተሠራው በዚያ ደለል ላይ ነው። ደለል የርዕደ መሬትን ሞገድ ያጎላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሣ ርዕደ መሬት የፈረሰችው በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ ስለ ተሠራች ነው። የደቻቱ ጠጠር እንደ ሜክሲኮ ጭቃ ልስልስ አይደለምና ምሳሌውን በቀጥታ መገልበጥ ስሕተት ይሆናል፤ የኖራ ድንጋዩ ብቅ ካለበት ሰፈርና ደለሉ ከወፈረበት ሰፈር ግን በአንድ ርዕደት እኩል እንደማይናወጡ የታወቀ ነው።

በላዩ ስለሚሠራው ሕንፃ መሐንዲሶች ባልደረቦቼ ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ፤ እኔ አንድ ነጥብ ብቻ ላክል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ኮዳችን የርዕደ መሬት ክፍል መለኪያ ያደረገው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ የሚችለውን ንቅናቄ ነበር። ቅድም ያሰላነው የሰርዶ ዓይነት ስብራት በ600 ዓመት አንዴ የሚናገር ነው፤ የ100 ዓመት መነጽር እርሱን አያይም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለው ኮድ መለኪያውን ወደ 475 ዓመት ከፍ ያደረገው በአግባቡ ነው። በ100 ዓመት መነጽር የተነደፉት ሕንፃዎች ግን ዛሬም ቆመው ሰው ይኖርባቸዋል። ምድር ቤታቸው ለሱቅ ተብሎ ያለ ግድግዳ ክፍት የተተወ፣ ከላይ ግን በብሎኬት የተሞሉ ፎቆች ወደ ጎን ሲገፉ ሸክሙ ሁሉ በታችኞቹ ኮለኖች ላይ ያርፋል። በእነዚያ ኮለኖች ውስጥ ስታፋው ተራርቆ ከታሰረ፣ ጫፉም ወደ ኮለኑ እምብርት በ135 ዲግሪ ሳይታጠፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ከቀረ፣ ኮንክሪቱ ሲፈረከስ ስታፋው ይከፈታል፤ ፌሮውም ይጎብጣል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው 6.0 መጠን ያለው ርዕደት ከከተማችን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። የዚያ መነሻ ቅልጥ አለት ስንጥቅ ውስጥ መግባቱ እንጂ እንደ ሰርዶ ጎንዮሽ እንቅስቃሴ አልነበረም፤ ለኮለኑ ግን ልዩነት የለውም፤ የሚደርስበት መገፋት ያው ነው።

በመጨረሻ የማነሣው በእጃችን ያለ ሥራ ነው። የየሰፈሩ አፈር በምን ፍጥነት መናወጥ እንደሚቀናው ለማወቅ ርዕደ መሬት መጠበቅ አያስፈልግም። ተንቀሳቃሽ ሲስሞሜትር አንድ ቦታ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጦ ከነፋስ፣ ከመኪናና ከባቡር የሚመጣውን የዘወትር ንዝረት መቅዳትና አግድሙን ንዝረት ከቁልቁሉ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ውጤቱ ከሕንፃው ፎቅ ብዛት ጋር ሲተያይ የትኛው ሰፈር ለየትኛው ቁመት እንደማይመች ያሳያል፤ ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ በአማካይ በግማሽ ሰከንድ አንዴ ይወዛወዛልና ሥሩ ያለው አፈር በተመሳሳይ ምት ከተናወጠ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ። ከደቻቱ ግራና ቀኝ የመጀመሪያዎቹን የመለኪያ ነጥቦች የት የት እናድርግ የሚለውን ለውይይቱ ትቼዋለሁ። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።